መርዶ ወደ በረዶ አገር

ያን ዓርብ ከሰዓት እህቴ እኔ የምሠራበት ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ገብታ ብርድ ትለማመድ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ለማሳቅ ብዬ አይደለም። እንዴት ልበል... መሳቅም ይቻላል። እሷ ራሷ እየሳቀች ነው የገባችው። የመጨረሻው ደህና ቀናችን ነበር፤ እሱም እስከ መግሪብ ድረስ ብቻ።

ምግብ ቤቱ ሙስካት፣ ማቢላ የሚባል ሰፈር ነው። እኔ ዶሮ አጥባለሁ፣ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ድስት እፈትጋለሁ። ማቀዝቀዣው ከኩሽናው በስተጀርባ ያለ ክፍል ነው፤ ሰው ቆሞ የሚገባበት፣ የዶሮና የዓሣ ካርቶን እስከ ጣሪያው የተደረደረበት። እህቴ አል አንሳብ በሚባል ሌላ ሰፈር በአንድ የኦማን ቤተሰብ ዘንድ እየኖረች ትሠራ ነበር፤ ዕረፍቷ ዓርብ ነው። ዓርብ ዓርብ ወደ እኔ ትመጣና ከፌስታሏ ካፖርቷን ታወጣለች። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ ካፖርት ነው። ሙስካት ውስጥ እሱን የሚያስለብስ ቀን ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ ቀኑን ፍለጋ ማቀዝቀዣ ትገባለች። እዚያ ቆማ ለዶሮዎቹ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ትሰጣለች። ጎረቤት እንዴት አደርክ፣ ዛሬ በረዶው በዝቷል፣ ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ እያለች።

ዋናው አብሳያችን ህንዳዊ ነው። መጀመሪያ ያያት ጊዜ ዓሣ ሊያወጣ በሩን ከፍቶ ጮኾ ሮጧል። ኋላ ግን ለመዳት። ያን ቀን ካርቶኑን ተሸክሞ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት፤ እሷም ጎንበስ ብላ ስለ አየሩ ጠየቀችው። «ኻላስ፣ በቃ፣ ውጪ፣ ዶሮው ሊሞቀው ነው» አላት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ወጣች።

«ቻልኩት» አለችኝ።

«አምስት ደቂቃ ነው እኮ የቆየሽው፣ እታለም።»

«እዚያስ ማን ውጭ ያሳድረኛል?»

የምንሄድበትን አገር ስም አልጠራም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ብጠራት ሰዎቹ ይታወቃሉ፣ እነሱ ደግሞ መታወቅ የሚወዱ አይመስለኝም። ክፍል ውስጥ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች በረዶ አገር ይሏታል። ሀብታም አገር ናት። ሕዝቡ መሪውን ራሱ ይመርጣል፤ መርጦ ሲያበቃ ደግሞ ራሱ ይሰድበዋል።

ለምን እዚያ እንደምንሄድ በአጭሩ ልናገር። ረዥሙን እሷ ነበረች የምታውቅበት። ወሎ ውስጥ ቤት ነበረን። ጦርነቱ ሲመጣ አንዱ ጦር ከተማችንን ያዘ፤ እህቴን አብስዪ አሏት፣ አበሰለች። ያ ጦር ወጥቶ ሌላው ገባ፤ እሱም ርቦት ነበር፣ ለእሱም አበሰለች። ወጥ ወገን የለውም ትል ነበር። እነሱ ግን እንደዚያ አላዩትም። አንዱ ለጠላት አበሰልሽ አላት። ሌላውም ለጠላት አበሰልሽ አላት። ቤታችን ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው ሁለት መልስ አለ፤ ሁለቱም ጮክ ተብሎ አይነገርም። አባትና እናታችን ቀድመው ስላለፉ የቀረን ደሴ ያለ አንድ አጎታችን ብቻ ነው። እሷ በቤት ሠራተኛ ቪዛ ሙስካት ገባች። እኔን ሁለተኛ ደረጃን ስጨርስ ሳበችኝ።

ሙስካት ግን ሥራ ናት እንጂ መጠጊያ አይደለችም። አሠሪህ አንድ ቀን ኻላስ ካለህ ወደ አገርህ መመለስ ነው። እሷን ደግሞ እዚያ ሁለት ወገን ይጠብቃታል።

እዚህ ሳሎን ውስጥ ጸጉር ትሠራ የነበረች የእህቴ ጓደኛ አለች። አግብታ በረዶ አገር ገብታለች። እዚያም ጸጉር ትሠራለች፤ ደንበኞቿ አሮጊቶች ናቸው። አንዲቱን እያጠበች የእህቴን ታሪክ አወራቻት። አሮጊቷ ጸጉሯ ሳይደርቅ ተነስታ ጓደኞቿ ጋ ደወለች። በዚያ አገር ተራ ሰዎች ተሰብስበው ስደተኛ መጥራት ይችላሉ፤ ቤት እንከራያለን፣ እናስተምራለን፣ ሥራ እናፈላልጋለን ብለው ለመንግሥታቸው ይፈርማሉ። አምስት ሆኑ። እኛ ዘንድ ይህን ማስረዳት ከባድ ነበር። ልጆቹ ምን ፈልገው ነው፣ ምን ያገኙበታል እያሉ ሲያስቸግሩ እህቴ «እድር ናቸው» ብላ ገላገለችን። «ልዩነቱ፣ ሰው ሳይሞት መሰብሰባቸው ነው።»

ፋይሉ በእሷ ስም ነው። እኔ ተከታይ ተብዬ ተጽፌያለሁ። አብሮኝ የሚኖረው የአዲስ አበባ ልጅ ሻንጣዋ ነህ ይለኝ ነበር። ከኤምባሲ ሰው ጋር የምታደርገው ቃለ መጠይቅ ቀን ተቆርጦለት ነበር። እሱ ካለፈ መሄዳችን ነው።

አምስቱ ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ በቪዲዮ ያነጋግሩን ነበር። እኛ ጋ አመሻሽ ሲሆን እነሱ ጋ ጠዋት ነው። ያ ዓርብ የስልኩ ቀን ነበርና ከምግብ ቤቱ ወደ ክፍላችን ሄድን። ስድስት ወንዶች የምንኖርበት ክፍል ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ስለሆነ የፈረንጅን ዓይን አውቃለሁ ይላል፤ ዝግጅቱን የሚመራው እሱ ነው። ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠረ። አንሶላው በጣም ነጭ ስለሆነ አወረደው፤ ይህን ያህል ንጹሕ ከሆንን ምን ጎድሎባቸው ነው ይላሉ አለ። ያደፈውን ሰቀለ። ያደፈውን ሲያይ ደግሞ አፈረና ነጩን መለሰ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ትዝ አለው። ግድግዳውን የሚያክል ቴሌቪዥን አለን፤ ስድስታችን ተዋጥተን የገዛነው ነው።

«ይሄ ይሸፈን። ስደተኛ ሆኖ ይህን የሚያክል ቴሌቪዥን?»

«እኔ የተሰደድኩት ከቴሌቪዥን አይደለም» አለችው እህቴ። «ተወው እዚያው።»

«እሺ፣ ፊትሽን ግን ትንሽ አሳዝኚው።»

«አንተን እያየሁ እንዴት ልዘን?»

ስልኩ ተከፈተ። አምስቱም እንደ ልማዳቸው አንድ ሶፋ ላይ ተጣብበው ተቀምጠዋል፤ ጠርዝ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ግማሽ ፊታቸው ሁልጊዜ ከስክሪኑ ውጭ ነው። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ያኔ ጸጉራቸውን ሲታጠቡ የተነሱት አሮጊት ማለት ነው። መጀመሪያ ያዩት ቴሌቪዥኑን ነበር። ደስ አላቸው። ይህን የሚያክል ቴሌቪዥን ከለመዳችሁ የእኛን ክረምት ትችሉታላችሁ፣ ክረምት ሌላ ሥራ የለንም አሉ። የአዲስ አበባው ልጅ ከካሜራው ጀርባ ራሱን ያዘ።

እነዚህ ሰዎች ድምፅ ሳይሰጡ የሚወስኑት ነገር የለም። የምንተኛበት አልጋ ዓይነት፣ የግድግዳው ቀለም፣ መጀመሪያ ቀን ምን እንደምንበላ፣ ሁሉም በእጅ ይወሰናል። ግማሽ ፊታቸው የሚታየው ሽማግሌ ደግሞ ሁሉንም ይቃወማሉ። አራት እጅ ይወጣል፤ ከዚያ ተቃውሞ ሲባል አንድ እጅ ከስክሪኑ ጠርዝ ብቅ ይላል። እህቴ አባባ ተቃውሞ ብላ ስም አውጥታላቸዋለች፤ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው እሳቸውን ነበር። በአገራችን የተቃወመ ሰው በማግስቱ የት እንደገባ ይጠፋል፤ እነሱ ዘንድ ብስኩት ያቀብሉታል ብላ ትደነቅ ነበር።

ያን ቀን አባባ ተቃውሞ ሊናገሩ ፈለጉ። ሰብሳቢዋ ሰዓት የለም ቢሉም ድምፅ ተሰጠና ተፈቀደላቸው። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፣ እንድንሰማቸው። እናንተን ጠልቼ አይደለም አሉ። ግን እነዚህን ሁለቱን ለምን? ከእነሱ ጎን ያለውስ? አንድ ሰው መጠጊያ የሚያገኘው እኛ ስለወደድነው ከሆነ፣ የማንወደው ሰው ምን ይሁን? ይህ የመንግሥታችን ግዴታ ነው፤ ሀብታም ነን፣ ሕግ አለን፣ ቃል ገብተናል። ለምን የእኛ ሳሎን ጨዋታ ይሆናል? ሰብሳቢዋ፣ መንግሥት እስኪሰማ ከሳሎን እንጀምር ብለው መለሱ። ይህን ከዚህ በፊትም መቶ ጊዜ እንደተባባሉት ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

እኔ ደነገጥሁ። የሚያባርሩን መሰለኝ። እህቴ ግን ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነበር፤ ፍርሃት ግን የለባትም።

«አባባ፣ እርስዎ ትክክል ነዎት» አለቻቸው። «ግን እርስዎ የሚከራከሩት እኔ በር ላይ ቆሜ ነው። ያስገቡኝና ገብቼ አብሬዎት ልከራከር።»

ከዚያ የአባባ ተቃውሞ ሙሉ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑ ውስጥ ገባ። እየሳቁ ነበር። ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ እንደሆነ ያኔ ነው ያየነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ነው። ሰብሳቢዋ ፊታቸው ቀልቶ አንድ ስስ ጉዳይ አለ አሉ። ሙስሊሞች መጸዳጃ ቤት በውሃ እንደሚታጠቡ አንብበናል፤ በተዘጋጀላችሁ ቤት ግን ወረቀት ብቻ ነው ያለው፤ ይህ ተገቢ አይደለም አሉ። የፈለጉት እዚህ ሸጣፍ የምንለውን ነው፤ ከመቀመጫው ጎን የሚሰቀለውን ባለመርጫ ቱቦ። ክርክር ተጀመረ። አንዷ ውሃው ክረምት ይቀዘቅዛል፣ ይጎዳቸዋል አሉ። ሌላው ከሙቅ ውሃው መስመር እቀጥለዋለሁ፣ እኔ ራሴ እገጥመዋለሁ አሉ። ሌላዋ ስንት ቱቦ ያስፈልጋል ብለው ጠየቁ። አምስት ሽማግሌና አሮጊት በማለዳ ተሰብስበው፣ ውቅያኖስ ማዶ ስላለው የእኛ መቀመጫ እንዲህ በቁም ነገር ሲመካከሩ እህቴ አልቻለችም። ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ጉልበቷን ቆነጠጥኋት፤ ባሰባት።

እነሱ የምታለቅስ መሰላቸው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከጎናቸው ያሉት አፍንጫቸውን ጠረጉ። በዚህ ዓይነት ድምፅ ተሰጠ። አምስት እጅ ወጣ። እኔ ቆጥሬ አላመንሁም፤ አባባ ተቃውሞም ደግፈዋል። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «ይሄ እኮ መብት ነው» አሉ፤ እሳቸውም ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እህቴ ከሻርፑ ሥር ሹክ አለችኝ፦ «ዝጋው፣ ልሞት ነው።»

ዘጋሁት። ወለሉ ላይ ተንከባለልን። የአዲስ አበባው ልጅ አንሶላውን እያጠፈ፣ በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ትወና ነው አላት።

እሷ ወደ አል አንሳብ መመለስ ነበረባት፤ አሮጊቷ ማዳም ከእሷ እጅ ካልሆነ መድኃኒት አትውጥም። እኔም የማታ ፈረቃ ነበረኝ። በር ላይ ተለያየን። ዶሮውን በደንብ እጠብ፣ ባለፈው ላባ አገኘሁበት አለችኝና ሄደች። የአዲስ አበባው ልጅ ጋ ከመንገድ ደውላ ቴሌቪዥኑን አስመልክታ እንደ ሰደበችው ኋላ ነገረኝ። ከዚያ ታክሲ ልትይዝ መንገዱን ስትሻገር መኪና መታት። ስለዚህ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ፖሊሶቹ ከስልኳ ላይ መጨረሻ የደወለችበትን ቁጥር ደወሉ። የአዲስ አበባው ልጅ ነው ያነሳው። እኔ ጋ ሲመጣ ዶሮ እያጠብሁ ነበር።

«በልተሃል?» አለኝ።

አልበላሁም፣ ሥራ ላይ ነኝ አልሁት። ሄዶ አብሳዩን በጆሮው አናገረውና ትልቅ ሳህን ሩዝ በዶሮ ተቀመጠልኝ። በሥራ ሰዓት ተቀመጥ ተባልሁ። እሱ ከፊቴ ቆመ። ብላ፣ እታለምን ትንሽ አሟታል፣ ከበላህ በኋላ እንሄዳለን አለ። ትንሽ አሟታል ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። እኔም ለሰው እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ።

እና በላሁ። እየበላሁ ሳለ እሱ አይናገርም። ሳህኑ እስካላለቀ ድረስ እህቴ ትንሽ ብቻ ነው ያመማት። ቀስ ብዬ በላሁ፤ አጥንቱን ጋጥሁ። ሲያልቅ ድገሙኝ አልሁ። የአዲስ አበባው ልጅ ቆሞ እንባው ይወርዳል። አብሳዩ ነገሩን በደንብ አልተረዳ ኖሮ፣ በርበሬው ያቃጠለው መስሎት ለእሱ እርጎ በብርጭቆ አመጣለት። እሱም ምን ያድርግ፣ እያለቀሰ ጠጣው። ሁለተኛው ሳህን አለቀ። ሦስተኛ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጄን ያዘኝ።

ሆስፒታል ደረስን። የእህቴ አሠሪ፣ የአሮጊቷ ማዳም ልጅ፣ ወረቀቱን ሁሉ እሱ አስፈጸመ። አሮጊቷም በተሽከርካሪ ወንበር መጥታ ነበር፤ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እያለች ጉልበቷን ትመታለች። ቀብሩ በማግስቱ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተባለ።

ከማታው የዒሻ ሶላት በኋላ ክፍላችን በሰው ሞላ። የወሎ ሴቶች ካሉበት ቤት እየተፈቀደላቸው መጡ፤ ያልተፈቀደላቸው በስልክ አለቀሱ። ሴቶቹ እኔን ሳይጠይቁ የደሴውን አጎቴን ጉዳይ ጨረሱ። ስልኩን እንዳይከፍት ጎረቤቱ ተነግሮታል፤ ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቱ ይሄዳሉ፤ አንዱ የአጎቴን የደም ግፊት የሚያውቅ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ ለዘመድ በስልክ አይደረግም። ሰው ሄዶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚናገረው።

የእህቴን ስልክ ፖሊስ ሰጥቶኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ሰብሳቢዋ ናቸው። እነሱ ጋ ገና ቀን ነው፤ አምስቱም ከስብሰባው ተነስተው በቀጥታ ዕቃ መሸጫ ሄደዋል። የሸጣፍ ፎቶ ነው የላኩት። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ። አንዱ ብርማ ነው፣ አንዱ ነጭ። የትኛውን ትመርጫለሽ የሚል አለበት። አባባ ተቃውሞ አንዱን እንደ ማይክሮፎን ይዘው የተነሱት ፎቶም አለ። ከፍቼ በማየቴ እዚያ ታይቷል የሚል ምልክት ወጣላቸው መሰለኝ፣ ወዲያው ሌላ መልእክት መጣ፦ «አየችው! ደስ ሳይላት አልቀረም።»

ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። ሳቅ የመጣባት ሴት አፏን ያዘች። ከዚያ ክፍሉ ጉባኤ ሆነ።

የአዲስ አበባው ልጅ አትንገራቸው አለ። ፋይሉ በእሷ ስም ነው፤ ከነገርሃቸው አንተ ማን ነህ? ሻንጣ ብቻውን አይሄድም። ነጩን ምረጥላቸውና ዝም በል።

«ቃለ መጠይቁስ?» አለች አንዲት ሴት።

እዚህ ሳሎን የምትሠራ ሌላ ልጅ አለች፣ ቁመቷም መልኳም ይቀርባል፣ እሷ ትግባ አለ እሱ። ፈረንጅ እኛን አይለይም አለ።

«እንዴት አይለይም፣ ስንት ጊዜ አይተዋት?»

«ካፖርቱን ትልበስላቸው። በቪዲዮ አሳይታቸዋለች፣ እሱን ይለዩታል።»

ሴቶቹ ተቆጡት። ግን ሁሉም አልተቆጡም። አንዷ እንዲያውም፣ እነሱ ሀብታም ናቸው፣ አገራቸው ሰፊ ነው፣ አንድ ወንድ ልጅ ቢገባባቸው ምን ይሆናሉ፣ ግዴታቸው አይደለም ወይ አለች። ትንሽ እውነት አላት። አባባ ተቃውሞም ያሉት እኮ ይህንኑ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ፣ ለእነሱ እኮ አልሞተችም። ካልነገርናቸው አትሞትም።»

ክፋት የለበትም። ለእኔ ብሎ ነው። እኔም ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። በእሷ ስልክ ነጩን ብዬ ብጽፍ እነዚያ አምስት ሰዎች ደስ ብሏቸው ይተኛሉ፣ እሷም አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ሶፋ ላይ፣ በሕይወት ትኖራለች። ግን ይህን ነገር ቀድሜ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ሳህን በልቼበታለሁ። ሳህኑ ያልቃል።

ጋደም አልሁ። ያስጨነቀኝ ፋይሉ ብቻ አልነበረም። ለአጎቴ ሦስት ሽማግሌ ይሄድለታል፤ እህቴን ካያት ዓመታት አልፈውታል። እነዚህ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ስለ እሷ አልቅሰዋል፤ አሁንም ሱቅ ውስጥ ናቸው። ለእነሱ ማን ይሄድላቸዋል? በስልክ ጽፌ ልበትነው? ሰብሳቢዋ ልባቸውን እንደሚያማቸው ነግረውናል።

በማግስቱ ፈጅር ሰግጄ ወጣሁና በረንዳው ላይ ቆሜ በረዶ አገር ላለችው ጸጉር ሠሪ፣ ለእህቴ ጓደኛ፣ ደወልሁ። እዚያ ገና ዓርብ ማታ ነው። ለእሷም በስልክ መንገር እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ዙሪያውን ልሂድ ብዬ፣ ባለቤትሽ አጠገብሽ አለ ወይ አልኋት። አለ አለች። «እራት በላችሁ?» አልኋት።

«ማን ነው የሞተው?» አለች።

ነገርኋት። ስልኩን ባሏ ተቀበላት፤ ቆይታ መልሳ ያዘችው። እስክትረጋጋ ጠበቅሁ። የአዲስ አበባው ልጅ ነቅቶ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማኛል።

ለአምስቱ ሰዎች መርዶ ይነገራቸው አልኋት። በስልክ አይሁን። አንቺ ሂጂላቸው፣ ባልሽንም ያዢ፣ ንጋት ላይ ሂዱ።

«ንጋት ላይ በር ካንኳኳሁ ፖሊስ ነው የሚጠሩት» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«እንግዲያው ቁርስ ይብሉ። ከቁርስ በኋላ። አምስቱንም አንድ ላይ አድርጊያቸው፣ እንዲያያዙ።»

«እነሱ እኮ ያለ አጀንዳ አይሰበሰቡም። አጀንዳው ምንድን ነው ይሉኛል።»

«ስለ ሸጣፉ በያቸው።»

ምን እንደሆነ አላወቀችም። አስረዳኋት። እያለቀሰች ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ጥቁር አትልበሺ፣ ከበር ያውቁብሻል አልኋት። እዚህ ሰው ሁሉ ጥቁር ነው የሚለብሰው፣ ማንም አይጠረጥርም አለች። ሰብሳቢዋን ከጎናቸው ሆነሽ እጃቸውን ያዢ አልኋት። ሽማግሌውን ደግሞ፣ ጠርዝ ላይ የሚቀመጡትን፣ መሐል አስቀምጫቸው፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ። መጀመሪያ አሟታል በያቸው።

«እዚህ እንደሱ አይገባቸውም። አሟታል ካልኋቸው ዶክተር ነው የሚፈልጉላት።»

«እሺ፣ እንደሚገባቸው አድርገሽ ንገሪያቸው። ብቻ ተቀምጠው ይስሙት።»

«እሺ የኔ ወንድም።» ድምፅዋን አስተካከለች። «ስለ አንተስ ምን ልበላቸው? ፋይሉ በእሷ ስም ነው። ልባቸው ሲሰበር ብጠይቃቸው እምቢ አይሉም። በማግስቱ ግን ስብሰባ ነው፣ ሕግ ነው፣ ወረቀት ነው። ያኔውኑ ልጠይቅልህ?»

የአዲስ አበባው ልጅ በሩ ላይ ሆኖ በእጁም በራሱም አዎ በላት ይለኛል። እኔም አዎ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ዛሬ ስለ እኔ አታንሺባቸው» አልኋት። «ዛሬ ለቅሷቸውን ያልቅሱ።»

«ቢዘጋብህስ?»

«ፈርቻለሁ» አልኋት። «ቢሆንም አታንሺ።»

እሺ አለች። ስልኩን ዘጋሁ። የአዲስ አበባው ልጅ ጫማዬን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። ታች የእህቴ አሠሪ ፒክአፑን አስነስቶ ይጠብቀን ነበር፤ እህቴን ከሆስፒታል ልናወጣ ወረድን።